በጧፍ ሰም የታሸገው ዲሽ

በዚህ ነገር ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። የማን ጥፋት የት ላይ እንደሆነ አንባቢ ራሱ እንዲፈርድ አንድ በአንድ ልጥራቸው።

መጀመሪያ እኔ። አለባቸው እባላለሁ። ጎንደር አራዳ ውስጥ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ። የተወለድሁት መካነ ብርሃን ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ሲሆን፣ ሙያውን ያገኘሁት የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ፣ መልሼ መግጠም ሲያቅተኝ እየተናደድሁ ነው። ሁለተኛው መምህር ደምሴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ ግማሹ የከተማው ሹም በእሳቸው ኩርኩም ያደገ። ሦስተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ፤ ከአፋቸው ክፉ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አራተኛው ልጃቸው ሀብታሙ፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወት፣ ፖለቲካ ሲነሳ ተነሥቶ የሚወጣ ልጅ። አምስተኛዋ ልጄ ስንዱ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ያሳደግኋት፣ ለሀብታሙ የታጨች። ስድስተኛው ዜና አንባቢው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ጣቢያውንም አልጠራም። በእግሩ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ከሁላችን ጋር እራት ይቀመጥ ነበር።

ያን ጊዜ ሰፈራችን በሁለት ጣቢያ ተከፍሎ ነበር። አንደኛው አገሩ ሁሉ ሰላም ነው ይላል፤ ይህ የእኔ ነበር። ሌላው አገሩ ሁሉ ተቃጥሏል ይላል፤ ይህ የመምህር ደምሴ። እኔ ደግሞ ቂም ስይዝ እንደ ዲሽ ብሎን ነበርሁ፤ ዝናብ ቢመታው ይዝጋል እንጂ አይላላም። ልጄን በዚሁ ጠባይ ነው ያሳደግኋት። ውሸት አይፈቀድም፣ ማርፈድ አይፈቀድም፣ ከእኔ ቃል በላይ ቃል አይፈቀድም። ጻድቅ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ቀን ነው። መምህር ደምሴ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ቤቴ መጡ። ምሳ ተበላ፣ ቀኑ ተቆረጠ፣ ሸጋ ጨዋታ ተያዘ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበርና የቀን ዜና ጀመረ። የእኔ ጣቢያ ደጋ ላይ ማዳበሪያ ሲታደል፣ ገበሬው ተሰልፎ ሲስቅ ያሳያል።

«አያችሁ?» አሉ መምህር በጣታቸው እየጠቆሙ። «ሰልፉን ያሳያሉ፤ ሰልፉ ጫፍ ላይ ያለውን ባዶ መጋዘን ግን አያሳዩም። እስቲ ካሜራውን የት እንዳቆሙት ተመልከቱ!»

«የእርስዎስ ጣቢያ?» አልሁ። «ትናንት ይህንኑ ቦታ ‹ገበሬው በዱላ ተባረረ› ብሎ የለ? ዱላው የታለ?»

«ዱላውን የሚያሳይ ካሜራ መች ይገባል?»

«ካልገባ ማን አይቶ ነገራቸው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «አያ አለባቸው፣ እዚህ ላይ ያዝሃቸው!»

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ወንድሜ ያ ሰልፍ ውስጥ ነበር። ሐሙስ ዕለት ደውሎ የሆነውን ነግሮኛል። ዱላ አልነበረም፤ ሳቅም አልነበረም። ሁለት ቀን ቆመው ግማሽ ግማሽ ጆንያ ይዘው ተመልሰዋል። ይህን ሳውቅ ዝም አልሁ። ግማሽ ጆንያ ለእኔም ጣቢያ ለእሳቸውም ጣቢያ አይበቃም ነበርና።

መምህር መሸነፍ አይወዱም። ጽዋቸውን አስቀምጠው፣ ተማሪ እንደሚገሥጹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አለባቸው፣ አንተ ሽቦ ቀጥል። ነገር መቀጠል ሌላ ሙያ ነው። የተማረ ሰው ዜና ያላምጣል፤ ያልተማረ ይውጠዋል።»

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስንዱ የእጅ ውሃ ይዛ ገብታ ነበር። አንገቷን ደፋች፤ ከንፈሯን ስትነክስ ግን አየኋት። ሳቋን እየዋጠች ነበር። ስድቡ ቆዳዬ ላይ ቀረ፤ የልጄ ሳቅ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

በአገራችን ሥርዓት እንግዳ በቤትህ ቢሰድብህ መልስ አትሰጥም። ማስታጠቢያውን ከስንዱ እጅ ተቀብዬ መምህርን ራሴ አስታጠብኋቸው። ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ሲወርድ እያየሁ፣ ይህን አስከፍልዎታለሁ አልሁ በልቤ።

ሰኞ ጠዋት መምህር ዳማ ሊጫወቱ እንደሚወጡ አውቃለሁ። መሰላሌን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድሁ።

«ምነው አያ አለባቸው፣ ደህና?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ክረምቱ ሳይገባ ዲሹን ልፈትሸው ብዬ ነው።»

«ውይ፣ እንዳንተ ያለ ጋብቻ ከየት ይገኛል!» ብለው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። ልብ በሉ፤ መሰላሉን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

የመምህር ዲሽ ሁለት ጭንቅላት ነበረው። ጭንቅላት የምለው ምልክት የሚቀበለውን ነው። አንዱ የእኔን ጣቢያ፣ ሌላው የእሳቸውን ይይዛል። የእሳቸውን ብሎን አላልቼ ጭንቅላቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋሁትና መልሼ አጠበቅሁት። ሥራው ይኸው ነው፤ ሁለት ጣት።

ጭንቅላቱን ስገፋው ግን ከገመዱ መገጣጠሚያ ላይ አሮጌው ሰም ተሰነጠቀ። እኔ መገጣጠሚያ የማሽገው በጧፍ ሰም ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ፕላስተር ይጠቀልላሉ፤ እኔ ራሴ ፈትኜ ያገኘሁት ሰም ነው፤ ዝናብ አያስገባም። በከተማው ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። የተሰነጠቀውን ትቼ መውረድ ነበረብኝ። አልቻልሁም። ሥራዬ ውሃ ሲያስገባ ማየት አልወድም። ከኪሴ ጧፍ አውጥቼ ለኮስሁ፣ ሰሙን አንጠባጠብሁ፣ እንደ ልማዴም በአውራ ጣቴ ተጭኜ አስተካከልሁት። ክፋት እየሠራሁ ሙያዬን አከበርሁ። አሁን ሳስበው ከዚያ የባሰ ቂልነት የለም።

ማታውኑ መምህር ደወሉ።

«አለባቸው፣ የእኔ ጣቢያ ጠፋ።»

«እኔም ሱቅ ጠፍቷል» አልሁ። ሱቅ ውስጥ እያየሁት ነበር። «አፍነውት ይሆናል።»

ድምፃቸው ሞቀ። «አላልሁም? እውነት ስለሚናገር ነው! እውነት የሚናገር መታፈኑ አይቀርም!»

«ዲሹን ልይልዎ?»

«ዲሹ ምን በወጣው! ለምን ትደክማለህ?»

ደስ ብሏቸው ነበር፤ ጣቢያቸው መታፈኑ ሲናገሩት የኖሩትን አረጋገጠላቸው። ማንንም አልጠየቁም፤ ሰው የሚያምነውን ነገር አይጠይቅም። እኔም ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሲያላምጡ የኖሩት መምህር ሳያላምጡ ዋጡ። ማክሰኞን ሙሉ ሰው ቴሌቪዥን ይዞ በመጣ ቁጥር ፊቴ ይፈካ ነበር። በቀል እንዲህ ይጣፍጣል። ውሸት ነው የሚል ካለ ቀምሶት አያውቅም።

ረቡዕ መጣ። ሀብታሙ በማግስቱ ወደ እንፍራንዝ ሊሄድ ነው። አያቱ፣ የመምህር እናት፣ እዚያ ናቸው። ዓይናቸው አያይም። እሳቸው ሳይመርቁ በዚያ ቤት ሠርግ አይሠረግም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊያመጣቸው ነው። የስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል፣ ወደ እንፍራንዝም ስልክ አይገባም። የመንገዱን ወሬ የምንሰማው ከሹፌርና ከቴሌቪዥን ነበር።

ሱቄ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አሉኝ፤ የደንበኛ ዲሽ የምሞክርባቸው። አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ዜና ጀመሩ። የእኔ ዜና አንባቢ ሰማያዊ ክራቫት አድርጎ፣ «ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ክፍትና ሰላማዊ ነው፤ ኅብረተሰቡ በአሉባልታ ሳይደናገር ጉዞውን ይቀጥል» አለ። በሌላው ቴሌቪዥን የመምህር ጣቢያ፣ «መንገዱ ከማክሰኝት ወዲያ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል» ይላል። ሁለቱን እኩል ሰማሁ። ያ ጣቢያ በየሳምንቱ መንገድ ይዘጋል፤ ሄደን ስናየው ግን ክፍት ነው። ዛሬም ያው ነው ብዬ ድምፁን ቀነስሁት።

ሱቅ ልዘጋ ስል ስንዱ መጥታ በር ላይ ቆመች። «አባዬ፣ የነሀብታሙ ጣቢያ ተመለሰ እንዴ? ስለ መንገዱ ምን ይላል?»

«የውሸታም ወሬ ምን ያደርግልሻል?» አልኋት። ዝም አለች። ዝም ማለትን ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ መምህር ናቸው። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበሩም።

«አለባቸው፣ አንተ ሱቅ ሁለቱንም ታያለህ። የእኔው ተመለሰ?»

ያን ሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊቴ ላይ እየበራ ነበር። ኩሩው መምህር ደምሴ ያልተማረውን አለባቸውን ዜና ሲጠይቁ! የቅዳሜው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«አልተመለሰም» አልሁ።

«መንገዱስ?»

«ክፍት ነው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ያለው ጣቢያ ነዋ።»

ተነፈሱ። «እንግዲህ ከምንም ይሻላል። እናቴም ይጠብቃሉ። እግዜር ይስጥህ» ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ጠዋት ሀብታሙ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣ። ማለዳ ሱቄን አልፎ ሲሄድ እጁን አውለበለበልኝ። «አያ አለባቸው፣ አያቴን ይዤ ስመጣ ሬዲዮኗን ትሠራላታለህ!» አለ። «ይዘህ ና!» አልሁት።

አምስት ሰዓት ላይ ስንዱ ደወለች። «አባዬ፣ ሆስፒታል ና» አለች፤ ከኋላዋ የአምቡላንስ ጩኸት ይሰማል።

ከማክሰኝት አለፍ ብሎ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር። ሹፌሩ ሲያቆም ተኩስ ተሰማ። ደንግጦ ለመዞር ሲሞክር ሚኒባሱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ሌሎቹ በመቁሰል ተረፉ፤ የሀብታሙን እግር ግን ብረቱ ያዘው። ሐኪሞቹ፣ የገዛ ሥራ ባልደረቦቹ፣ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሆስፒታል ስደርስ መምህር ደምሴ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ዘውዴ መሬት ተቀምጠዋል። ያን መሰላል የያዙት እጆች ነጠላቸውን ጨምድደው ይዘዋል። ዕድርተኛውም ጎረቤቱም ተሰብስቧል። መምህር ሲያዩኝ ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ።

«ጣቢያዬ ቢኖር ኖሮ ልጄ አይሄድም ነበር፣ አለባቸው። አፍነው አስጨረሱኝ።» ከዚያ ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ያፈነውን እጅ እግዚአብሔር ይቁረጠው!»

ሽማግሌ ሲረግም በእኛ ዘንድ ዝም አይባልም፤ ዝም ያለ ይጠረጠራል። ኮሪደሩ ሁሉ «አሜን» አለ። ስንዱ ዓይኗን እኔ ላይ ጥላለች።

«አሜን» አልሁ።

ዓርብ እንዲህ አለፈ። ሰው ሁሉ ጥሩ አማች ነው እያለ አመሰገነኝ። ምግብ አመላለስሁ፣ ደም ለገስሁ። መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርሁም። ለራሴ ያቀረብሁት ምክንያት ሀብታሙ እስኪያገግም ልታገሥ የሚል ነበር። እውነቱ ግን ፈሪ ነበርሁ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። አራዳ ሰው በሰው ላይ ይሄድ ነበር። ስንዱ ከሆስፒታል መልስ ሱቅ ገብታ ተቀምጣለች። በድንገት ሰው መሳቅ ጀመረ። «መምህር፣ የት ሊተክሉት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ መምህር ደምሴ ዲሹን እንደ ጋሻ በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ጣራ ላይ ወጥተው ነቅለውታል። አንዲት ነርስ ሳታስበው ነበር የነገረቻቸው፤ «ረቡዕ ማታ ጣቢያዎ መንገዱ ተዘግቷል ሲል እኮ ቤቴ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

ዲሹን በሬ ላይ አስቀመጡት። ሳቁ ቆመ።

«ይህን ሰም ታውቀዋለህ?»

ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞሩት። አዲሱ ሰም ቢጫ ሆኖ ያበራል። የአውራ ጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ታትሞበታል።

«አውቀዋለሁ» አልሁ።

ስንዱ ወጥታ ጎንበስ አለች። ሰሙን በጣቷ ነካችው። «አባዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ረቡዕ ማታ ስጠይቅህ ሰምተኸው ነበር?»

በቤቴ ውሸት አይፈቀድም። «አዎ» አልኋት።

ተነሣች። ቤት ሄዳ ልብሷንና የእናቷን ፎቶ ብቻ ይዛ ወጣች።

መምህር አልሄዱም። ሰዉ ከቧቸው ቆሟል።

«ሽቦ ብቻ ነው የምትቀጥለው ብዬህ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ፖሊስ ጋ አልሄድም። አልረግምህምም፤ ረግሜ አንተው አሜን ብለሃል። የእኔ በቀል ይህ ነው። ይህ ዲሽ ከዚህ በር አይነሣም። ለምን እዚህ እንደተቀመጠ የጠየቀህን ሁሉ ትነግረዋለህ። አንዲት ቃል ብትዋሽ መጥቼ እኔ እነግርልሃለሁ።»

«እሺ» አልሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ በሬ ላይ አለ። በመጀመሪያው ወር በቀን አሥር ጊዜ ነገርሁ። ሰው ጨርሶ ሳይሰማኝ ተፍቶ የሄደበት ጊዜ አለ። ምላሴ ሲደክም ደግሞ መጻፍ ጀመርሁ፤ ይህንም የምትጠይቁኝ መስሎኝ ጻፍሁላችሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ልጅ ያላችሁ በተለይ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ጣቢያ ያደላል። ካሜራውን የሚያቆምበትን ቦታ ይመርጣል፤ የእኔውም የመምህሩም። ይህን በትምህርት ቤት ያልተማረ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያላወቅሁት እኔ ራሴ ጣቢያ መሆኔን ነው። ስለ ግማሽ ጆንያዋ ዝም ያልሁ ዕለት የራሴን ዜና ቆርጬ አስተላለፍሁ። ድምፁን የቀነስሁ ዕለት የልጄን እጮኛ መንገድ ዘጋሁ። ስትከራከሩ ማሸነፋችሁን ትታችሁ የደበቃችሁትን ቁጠሩ።

ታርቄአለሁ ብዬ ግን አላታልላችሁም። መምህር ደምሴን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ አልመለሱልኝም፣ እውነታቸውን ነው። ዜና አንባቢውን ግን እኔም አልማርሁትም። ለጣቢያው ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ ሁለቱም ጣቢያዎች ስለ እኛ አካባቢ ያሉትን በግራ ገጽ እጽፋለሁ። ከሹፌር፣ ከገበያተኛ፣ ከወንድሜ ያጣራሁትን በቀኝ ገጽ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዲሹ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሰው ቆሞ ያነብባል። የሁለቱም ወገን ሰዎች በየተራ መጥተው አውርደው ብለውኛል። አላወርድም። ዲሽ ትከልልኝ ብሎ አንድ ጭንቅላት ብቻ የሚጠይቀኝንም ሌላ ባለሙያ ፈልግ እለዋለሁ። በቀሌ ይኸው ነው፤ እስክሞት አይላላም።

ሠርጉ ዘግይቶ ተሠረገ። አልተጠራሁም። መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ በአራዳ ሲያልፉ ከዲሹ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ስንዱ አንገቷን አላዞረችም። ሀብታሙ ግን እንደዚያ ማለዳ እጁን አነሣልኝ፤ ያ ከእርግማኑ በላይ ቆረጠኝ።

የሁላችንም ወጪ ሲደመር እንዲህ ነው። ሀብታሙ ግራ እግሩንና የእሑድ ኳሱን። አያቱ በእንፍራንዝ ሙሽሮቹን ሳይመርቁ ዓይናቸውን ከደኑ፤ ሬዲዮናቸውም ሳይሠራ ቀረ። መምህር ደምሴ ክርክራቸውን፤ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፣ ዳማም አይወጡም። እትዬ ዘውዴ ሰው ማመናቸውን። ስንዱ አባቷን። እኔ ልጄንና ስሜን።

ዜና አንባቢው፣ ምንም። ትናንት ማታም አየሁት፤ ክራቫቱን ቀይሯል።